ፊሽካው ሳይነፋ ስለተሻረው የሊጋያ ጎል

ለተከበሩ አቶ ቨርነን ኦስትሩድ
የኮልተር ሌክ የወንዶችና የሴቶች ድብልቅ የመዝናኛ የበረዶ ሆኪ ማኅበር ሰብሳቢ
ኮልተር ሌክ፣ ሳስካችዋን

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎ፣ ወገብዎና በተለይም ዓይንዎ በዚህ አልለቅም ባለ ብርድ እንደምን እንደሰነበቱ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከግራ ክርኔ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን በማኅበርዎ ጥላ ሥር ስዝናና የተቀጠቀጠ ስለሆነ አላማርርም።

ስሜ ኢርማ ፍሪሰን ነው። እርስዎ ያውቁኛል፤ ሦስቱንም ልጆችዎን ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ በአውቶቡሴ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ይህ ደብዳቤ በጋዜጣም በሜዳው በርም የሚለጠፍ ስለሆነ ግን ለማያውቁኝ ስል ልናገር፤ ለሃያ ሰባት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፣ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በማኅበርዎ የጀማሪዎች ምድብ የሚጫወተው «የኋላ ማርሽ» የተባለው ቡድን አምበል ነኝ። ሠላሳ አንድ ጊዜ ገጥመን ሠላሳ አንድ ጊዜ ተሸንፈናል። ስማችንን ስናወጣ ቀልደን ነበር፤ ማኅበሩ ግን ከልቡ ወስዶልናል።

የምጽፍልዎ ስለ አንድ ጎል ነው። የቡድናችን አባል ሊጋያ ሳሎንጋ በፌብሩዋሪ ሁለተኛው እሑድ ያገባችውንና ዳኛችሁ የሻሩትን ጎል ማለቴ ነው። ሊጋያ ከዚያ ወዲህ ለሚቀጥለው ዓመት አልመዘገብም ብላለች። በደንባችሁ መሠረት አራት ሴቶች የሌሉት ቡድን አይመዘገብም፤ እኛ ያሉን ሴቶች ደግሞ እኔን ጨምሮ አራት ብቻ ነን። ምዝገባው ሊዘጋ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ስለዚህ እሷ ከሄደች ሁላችንም ሄድን ማለት ነው፤ ምናልባት ይህ ለማኅበሩ ሌላ የምስጋና ምክንያት ይሆን ይሆናል። ውለታችሁን እንደሚከተለው ዘርዝሬአለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትሕትናችሁ። የጀማሪዎቹ ምድብ ፍትሕ እንዳይጎድልበት የዘረጋችሁት ዘዴ የሚደነቅ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በምዝገባው ቅጽ ላይ ለራሱ ችሎታ ከአንድ እስከ አሥር ነጥብ ይሰጣል፤ ኮሚቴያችሁ የየቡድኑን ነጥብ ይደምርና ዝቅተኛ ድምር ላመጣው ቡድን አንድ ደጋፊ ተጫዋች ይመድብለታል። ችግሩ፣ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ከተማ «እችላለሁ» ብሎ ከመጻፍ የጎረቤትን ውሻ መስረቅ ይቀላል። ሁላችንም ያደግነው እንደዚያ ነው፤ እርስዎም፣ እኔም። በኛው ምድብ የሚጫወተው የቀይ ጎሾች ቡድን አምበል አቶ ብሬት ሃልቮርሰን ኦስትሪያ ድረስ ሄደው አምስት ዓመት በደሞዝ ሆኪ የተጫወቱ ሰው ሲሆኑ፣ በቅጹ ላይ ለራሳቸው ሦስት ሰጡ። ምነው ብዬ ብጠይቃቸው መሬት መሬት እያዩ «ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ ኢርማ፣ ዝም ብዬ እኮ ነው የምንገላወደው» አሉኝ። የቡድን ጓደኞቻቸውም በሁለትና በሦስት መካከል የተገኙ፣ ስለራሳቸው መናገር የሚያሳፍራቸው ትሑታን ናቸው።

ሊጋያ ግን የዚህን አገር ትሕትና ገና አልተማረችም። ፊሊፒንስ ውስጥ ኢሎይሎ ከምትባል ከተማ ነው የመጣችው፤ እዚያ በረዶ የሚታወቀው በብርጭቆ ውስጥ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአርባ አንድ ዓመቷ፣ የፕላስቲክ ወንበር ከፊቷ እየገፋች ከአምስት ዓመት ሕፃናት ጋር በረዶ ላይ መንሸራተት ጀመረች። ሕፃናቱ በሁለት ሳምንት ወንበሩን ጣሉ፤ እሷ አንድ ክረምት ሙሉ ገፋችው። ዛሬ ወደፊት ትሄዳለች፣ ወደ ግራ ትታጠፋለች፣ የግድ ከሆነም ትቆማለች። እናም ቅጹ ሲመጣላት ከየት ተነስታ የት እንደደረሰች አስባ፣ ለራሷ ስምንት ሰጠች። ቀና ብዬ ሳያት «አሥር አላልኩም እኮ!» አለችኝ።

አምበል ነኝና ማረም ነበረብኝ። ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ሳይ አቃተኝ፤ ወረቀቱን እንዳለ አስገባሁት። በዚህ የምወቀሰው እኔ እንጂ እሷ አይደለችም።

ከዚያ ኮሚቴያችሁ ደመረ። በድምሩም የኋላ ማርሽ ከቀይ ጎሾች የሚበልጥ ኃይለኛ ቡድን ሆኖ ተገኘ! ስለዚህ እነዚያን ምስኪን ጎሾች ለመደገፍ፣ በሆኪ ችሎታው ኮሌጅ በነጻ የተማረና «ብዙ ጊዜ ሆነኝ ካቆምኩ» ብሎ ለራሱ ሁለት የሰጠ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ተመደበላቸው። ብዙ ጊዜ ያለው ሦስት ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ግጥሚያ አሥራ አራት ለአንድ አሸነፉን፤ አንዷም ብትሆን የራሳቸው ተከላካይ ጨርፏት የገባች ናት። አቤት ስንል የኮሚቴው ጸሐፊ «ሰው ለራሱ የሰጠውን ነጥብ እንዴት ይጠየቃል? ነውር አይደለም እንዴ?» ብለው መለሱልን። እንዲህ ያለ ጨዋነት ባለበት አገር በመኖሬ ዕድለኛ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ዳኛው። አቶ ድዌይን ፒሊፒዩክ ከአቶ ብሬት ጋር በሐይቁ በረዶ ላይ አንድ የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ በጋራ አላቸው። ይህን ያነሣሁት ለክፋት አይደለም፤ ጎጆዋ በጣም ቆንጆ ስለሆነች ብቻ ነው። አቶ ድዌይን ከዳኝነት ይልቅ የመምህርነት ተሰጥኦ አላቸው። በአንድ ጨዋታ ብቻ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ኦፍሳይድ ነፍተውብናል፤ ይኸውም ፓኳ፣ ያቺ የምንጫወትባት ጥቁር ክብ ጎማ፣ ሳትገባ ቀድመን ሰማያዊውን መስመር ስለምንሻገር ነው። የምንሻገረው ለመቅደም ፈልገን አይደለም፤ መቆም ስለማንችል ነው። እሳቸው ግን በየአንዳንዱ ፊሽካ ጨዋታውን አስቁመው፣ ሰዓቱ እየሮጠ፣ «አሁን ካልተማራችሁ መቼ ልትማሩ ነው?» እያሉ በፍቅር ያስረዱናል። ያን ቀን ከጨዋታው ይልቅ ትምህርቱ ረዘመ።

የኛ ጥፋት ትምህርት የሚያስፈልገው ሲሆን የጎሾቹ ጥፋት ግን ችሎታ ይባላል። አቶ ብሬት የሊጋያን ቁርጭምጭሚት በዱላቸው ስበው በደረቷ ሲዘረጓት ዳኛው ከሁለት እርምጃ ላይ ሆነው እያዩ ነበር። «አይዞሽ ሊጋያ፣ ብሬት የሚያደርገውን ያውቃል» አሏት። የሚያደርጉትን ማወቃቸውን እኛም አልካድንም፤ አቤቱታችን እኮ እሱው ነው። እኔ በበኩሌ በአጥሩ ካልተላተምኩ መቆም የማልችል ሴት፣ አንድ ጎሽ በእኔና በአጥሩ መካከል ስለተገኘ «በአደገኛ ፍጥነት» ተብዬ ሁለት ደቂቃ የቅጣት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። በሃያ ሰባት ዓመት የሹፌርነት ዘመኔ በፍጥነት ስከሰስ የመጀመሪያዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ ብሎኛል።

ሦስተኛ፣ ከጨዋታ በኋላ ተሰልፈን ስንጨባበጥ ጎሾቹ ለእያንዳንዳችን «ጥሩ ጨዋታ፣ ጥሩ ጨዋታ» ይሉናል። በአሥራ አራት ለአንድ። ይህን ቢተዉልን ደስ ይለናል።

አራተኛ፣ ወደ ጎሉ ልምጣ።

ያን እሑድ በማዕበሉ ምክንያት የሰሜኑ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ጎሾቹ አብዛኞቹ በዚያ በኩል የሚኖሩ ገበሬዎች ስለሆኑ የመጡት ስምንት ብቻ ናቸው፤ አቶ ብሬት በትራክተር መጡ፣ ለዚህ ባርኔጣዬን አነሣላቸዋለሁ። እኛ የከተማ ሰዎች ስለሆንን አሥራ ሰባታችንም ተገኘን። በቂ ተቀያሪ ስላልነበራቸው በሦስተኛውና በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ምላሳቸው ወጣ። ሃምሳ ሰከንድ ሲቀር ውጤቱ አራት ለሦስት ነበር። እኛ ሦስት አግብተን አናውቅም! አንዲት ጎል ብንጨምር እኩል እንወጣለን፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋን ነጥብ እናገኛለን።

የኔ ምት ከበረኛቸው እግር ተላትሞ ተመለሰ። ሊጋያ ለመቆም ሞክራ አልሆነላትም፤ እየወደቀች ዱላዋን ዘረጋች። ፓኳ በቀስታ ሄደች፤ እንዲህ ቀስ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። በበረኛው እግር ሥር አልፋ፣ ቀይዋን መስመር ተሻግራ፣ መረቡ ውስጥ ቆመች። በረኛቸው ራሱ ዞሮ በዱላው ከመረቡ ጎትቶ አወጣት። ሊጋያ በሆዷ እንደተኛች ሁለት እጆቿን አነሣች። እኛ ሁላችን እላይዋ ላይ ወደቅን፤ ግማሻችን ከደስታ፣ ግማሻችን እንደተለመደው።

ስንነሣ አቶ ድዌይን እጃቸውን ወዲያና ወዲህ እያወናጨፉ ጎል አይደለም ይላሉ።

«ድዌይን፣ ፊሽካው የታለ? ማን ሰማ?» አልኳቸው። ያን ጊዜ አንቱታው ጠፍቶብኝ ስለነበር ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«ልነፋ አስቤ ነበር» አሉኝ።

«መቼ?»

«ከመግባቷ በፊት ነዋ። በረኛው እግር ሥር ገብታ ከዓይኔ ተሰወረች፤ ከዓይኔ ከተሰወረች ጨዋታው ቆሟል። ደንብ ነው፣ እኔ ላይ አትጩሂ!»

ቤቴ ገብቼ ደንቡን አገላብጬ አነበብኩት፤ እውነታቸውን ነው። ዳኛ ጨዋታውን ለማቆም ካሰበበት ቅጽበት ጀምሮ፣ ፊሽካው ባይነፋም፣ ጨዋታው ቆሟል የሚል አንቀጽ አለ። ነገ ጠዋት አርባ ልጆች ጭኜ ሐዲዱ ላይ ብወጣና ባቡሩ ሲመጣ «ለመቆም አስቤ ነበር» ብል እንዲህ የሚያስተናግደኝ አንቀጽ አላገኘሁም። ይሁን፤ ደንብ ደንብ ነው።

ነገር ግን በዚያው ጨዋታ፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ የኛ በረኛ ፓኳን ሆዱ ሥር አድርጎ ተኝቶባት ነበር። ጎሾቹ በሦስት ዱላ ጎኑን እየቆፈሩ፣ እሱ እየጮኸ፣ እኛ ጮክ ብለን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ስንቆጥር፣ በመጨረሻ ከሥሩ ጎልጉለው አገቧት። አራተኛው ጎላቸው ያ ነው። ያን ጊዜ ፓኳ ትታይ ነበር ወይ ብዬ አቶ ድዌይንን ጠየቅኋቸው። «አትታይም፤ ግን ትወጣ ይሆናል ብዬ እየጠበቅሁ ነበር» አሉኝ። ለጎሾቹ አምስት ሰከንድ የሚጠብቅ ሐሳብ ለሊጋያ ግማሽ ሰከንድ ተቻኮለባት። የማላከብረው ይህን ነው፤ አንቀጹን አይደለም። ይህ አድልዎ ነው፤ ሌላ ስም ፈልጌለት አጣሁ።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስንገባ ሊጋያ የጫማዋን ክር እየፈታች «ተይው ኢርማ፣ ምናልባት እኔ ነኝ በደንብ ያላየሁት» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እሷ በሆዷ ተኝታ፣ ዓይኗ ከመስመሩ እኩል ሆኖ፣ ከአንድ ክንድ ርቀት ነው ያየችው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሷ የተሻለ ያየ ፍጡር አልነበረም። ከጨዋታው በፊት ለእናቷ ደውላ ዛሬ ጥሩ ሳንጫወት አንቀርም ብላ ነበርና፣ እናትየዋ ከኢሎይሎ መልሰው ደወሉ። የሆነውን ስትነግራቸው ምን እንዳሏት ስጠይቃት «ገባ ወይስ አልገባም ነው የምትለኝ፤ ምን እንደምላት አላወቅሁም» አለች። መሸነፍ ለምደናል፤ እንኳን አንድ ጊዜ ሠላሳ አንድ ጊዜ ችለነዋል። አንዲት ሴት ግን በገዛ ዓይኗ ያየችውን እስክትጠራጠር ማድረሳችሁ አናዶኛል።

አምስተኛ፣ ስለ መልሳችሁ። ሁለት ገጽ አቤቱታ አስገባን፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ በእርስዎ ፊርማ አራት መስመር መጣልን። በመጀመሪያው መስመር የዳኛው ሐሳብ የመጨረሻ መሆኑን ገለጹልን። በሁለተኛው ይህ መዝናኛ መሆኑን እንዳንዘነጋ መከሩን፤ ማን እየተዝናና እንደሆነ ግን አልጠቀሱም። በሦስተኛው ስለተሳትፏችን አመሰገኑን። በአራተኛው፣ ወይዘሮ ሊጋያ ውድድሩ ከከበዳት ረቡዕ ረቡዕ የእናቶችና የሕፃናት መንሸራተቻ ሰዓት መኖሩን በደግነት አስታወሱ።

ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ምነው ባልሆንኩ። እስከ መጨረሻው ሰማች። «ገባኝ፤ ወደ ወንበሩ ተመለሺ ነው ያሉኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ልምምድ መጥታ አታውቅም። ሦስት ዓመት የወጣችውን ዳገት በአንድ መስመር አወረዷት፤ ሥራ የሚያቀልሉ ሰው ነዎት።

እንግዲህ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። አቶ ድዌይን ይቀጡ አንልም። አቶ ብሬትም ትሕትናቸውን ይዘው ይቆዩ፤ ኦስትሪያም ይናፍቃቸው ይሆናል። የውጤት ወረቀቱ ከመዝገቡ ይውጣና አራት ለሦስት የሚለው አራት ለአራት ተብሎ ይታረም፤ ከጎኑም ያገባችው ሰው ስም ይጻፍ። ሻምፒዮናው አይናወጥም፤ ጎሾቹ እኛን በሃያ ሁለት ነጥብ ይበልጡናል፣ በሃያ ቢበልጡን አንገታቸውን አይደፉም። ለእናንተ የአንድ ደቂቃ የብዕር ሥራ ነው። ለኛ ቡድን ነው፤ ለሊጋያ ደግሞ ለእናቷ የምትመልሰው መልስ ነው።

ይህን ረጅም ጽሑፍ እስከዚህ ካነበቡ የዳኛዎን ያህል እንዳልቸኮሉ እረዳለሁና በድጋሚ አመሰግናለሁ።

በፍጹም ትሕትና፣ ይኸውም በማኅበራችሁ መለኪያ ከአሥር ሁለት፣

ኢርማ ፍሪሰን
የኋላ ማርሽ አምበል፣ የአደገኛ ፍጥነት ቅጣተኛ፣ የመዝናኛችሁ ታማኝ ተዝናኚ

ግልባጭ፦
ለአቶ ድዌይን ፒሊፒዩክ፣ በዓሣ ማጥመጃ ጎጇቸው በኩል
ለበረዶ ማለስለሻው መኪና ሹፌር፣ ጨዋታውን ከወገንተኝነት ነጻ ሆነው ስላዩ
ለሜዳው መግቢያ በር

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ማኅበሩ ለሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ያሳተመውን አዲሱን ፖስተር አየሁ፤ እንኳን ደስ አላችሁ፣ በጣም ያምራል። «ጀማሪዎች፣ ቦታ አላችሁ!» ይላል። ከጽሑፉ በላይ ያለው ፎቶግራፍ የሊጋያ ነው፤ በሆዷ ተኝታ ሁለት እጆቿን አንሥታለች፤ ከበረኛው ጀርባ ደግሞ ፓኳ ከቀይዋ መስመር አንድ ክንድ ያህል አልፋ መረቡ ውስጥ በግልጽ ትታያለች። የለም ባላችሁት ጎል ሰው እየጠራችሁ ነው። ፖስተሩን ሊጋያ በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ መተላለፊያ ላይም ሰቅላችሁታል፤ ስለዚህ በየጠዋቱ ቁርስ ስታቀርብ አረጋውያኑ እንኳን ደስ ያለሽ ይሏታል፣ እሷም አልተቆጠረም ብላ ትመልሳለች። ባለፈው ማክሰኞ ክፍል ዘጠኝ ያሉት የዘጠና ሦስት ዓመት እናት ማንኪያቸውን አስቀምጠው «ማነው ያልቆጠረው? ስሙን ንገሪኝ!» ብለው ተቆጡ። ሊጋያ ጨዋ ስለሆነች፣ የገዛ ልጃቸው ነው አላለቻቸውም፤ ገንፎዎ ይቀዘቅዛል ብላ አለፈችው። እኔ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ እናትዎን ወይዘሮ አግኔስ ኦስትሩድን ቅዳሜ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ፤ የውጤት ወረቀቱ እስከ ዓርብ ካልታረመ ስም እነግራቸዋለሁ።